ክረምት የተተከለን ጓሮ ጥቅምትን ማን ያሻግረዋል?

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ የጓሮ አትክልት የሚፈተነው ሲተከል ሳይሆን መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሰማዩ ይጠራል፤ በክረምቱ ደመና ታፍኖ ይቆይ የነበረው የቀን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ ይበንናል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለው ሜዳም ይቀዘቅዛል። ማታ ለምለም ሆኖ የታየ የድንች ቅጠል ጠዋት የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ጠቁሮ ይገኛል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ውርጭ መውረዱ ለአካባቢው ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነው። ለጓሮ ልማት የሚደረገው ቅስቀሳ፣ የሚታደለው ችግኝና ዘር፣ የሚሰለፈው የበጎ ፈቃድ ጉልበት በብዛት የሚሰበሰበው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣቶች ይወጣሉ፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት ይጠግናሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፤ ጓሮ ይቆፍራሉ። የሚመሰገን ሥራ ነው። መስከረም ሲጠባ ግን ተማሪው ወደ ክፍሉ፣ የዩኒቨርሲቲው ወጣት ወደ ግቢው ይመለሳል። ውርጩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጓሮው ምክር በጣም በሚያሻው ሰዓት መካሪው የለም።

የዚህ ትንታኔ ጭብጥም ይኸው ነው፤ ጓሮ የሚያስፈልገው የአንድ ወቅት ዘመቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ በሰፈር የሚገኝ መካሪ ነው። ያም መካሪ ሲቸግረው የሚጠይቀው ባለሙያ ከጀርባው ሊኖር ይገባል።

የጓሮው ጥያቄ ከየት መጣ?

ለከተማ ነዋሪ ጎመን፣ ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት በየዕለቱ ከኪስ የሚወጡ ወጪዎች ናቸው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን፣ ዶሮንና እንቁላልን፣ ማርን ወደ እያንዳንዱ ቤተሰብ ገበታ ለማድረስ ያለመ ሲሆን፣ ከእነርሱ ጎን ለጎን የጓሮ አትክልትም የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት አጀንዳ ሆኗል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው ደብረ ብርሃን በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት እየሰፋች ስትሄድ ትናንት ማሳ የነበረው ዛሬ የመኖሪያ ግቢ ሆኗል። የግቢው ባለቤትም አርሶ አደር ሳይሆን የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴ ወይም የቀን ሠራተኛ ነው።

ሌላም ወገን አለ። ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን የተጠለሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የእርሻ ሰዎች ናቸው። እጃቸው ሥራ ያውቃል። የሚያውቁት ግን በቆሎ የሚያድርበትን ሞቃታማ መሬት እንጂ ይህን ውርጭ አይደለም። ከአንዱ አየር ወደ ሌላው የመጣ የተካነ ገበሬም ቢሆን በአዲሱ ቦታ ለአንድ ዓመት ተማሪ ነው። ቦታው ጠቦ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጎመን ለመትከል የሚያስብ ሰው እንኳ መቼና ምን እንደሚተክል የሚነግረው የአገሩ ሰው ያስፈልገዋል።

ኤክስቴንሽኑ የተሠራው ለማሳ ነው

የአገራችን የግብርና ኤክስቴንሽን በ1940ዎቹ በአለማያ እርሻ ኮሌጅ በኩል ተጀምሮ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1987 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ከተቃኘ በኋላ በየገጠር ቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት ባለሙያዎችን መመደብና የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ማቋቋም የሥርዓቱ ምሰሶ ሆነ። በዚህም ከዓለም ሰፋፊ ከሚባሉት የኤክስቴንሽን መዋቅሮች አንዱ ተገነባ።

መዋቅሩ ግን በዋናነት የታሰበው ለስንዴው፣ ለገብሱ፣ ለባቄላውና ለጤፉ ማሳ ነው። እኔም በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ ብዙውን ጊዜ ያሳለፍነው በመስመር መዝራትን፣ የማዳበሪያ መጠንንና የሰብል በሽታን በሄክታር እያሰላን ነው። የአንዲት እናት የአራት ሜትር መደብ በሄክታር ስሌት አይገባም። የቀበሌ ባለሙያውም ቢሆን ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ሥርጭት፣ ከተፋሰስ ሥራና ከሪፖርት የተረፈው ጊዜ ጥቂት ነው። በከተሞች የከተማ ግብርና ባለሙያዎች አሉ፤ የግቢው ብዛት ግን ከእነርሱ ቁጥር ጋር አይመጣጠንም። በዚህ ክፍተት የሚገባው የጎረቤት ምክር፣ የዘር ሻጭ ምክርና የመድኃኒት ሻጭ ምክር ነው። አንዳንዱ ትክክል ነው፤ አንዳንዱ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ስሕተት ምን ያስከፍላል?

ከድንች እንጀምር። ድንች እንደ ዝርያው ከ90 እስከ 120 ቀናት ይፈልጋል። ለምሳሌ 110 ቀን እንውሰድ። ሰኔ 1 ቀን የተተከለ ድንች መስከረም 16፣ በደመራ ቀን ይደርሳል። የዘመቻው ዘር ዘግይቶ ሐምሌ 20 ቀን የተተከለው ግን የሚደርሰው ኅዳር 5 ነው፤ ውርጩ መሐል ላይ ያገኘዋል። ዘሩ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ድካሙም ያው ሆኖ ሳለ የ49 ቀን ልዩነት ምርቱን ይወስነዋል። ቀድሞ የተከለም ቢሆን በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ውስጥ ምች የሚባለው የድንች በሽታ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ምችን እንዲቋቋሙ ታስበው ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎችን መምረጥና የተከላውን ቀን ማስላት አንድ ላይ መሄድ አለባቸው። ይህን ሐምሌ 20 ቀን ዘር ይዞ በር የሚያንኳኳ ወጣት ካላወቀው፣ ዘሩን ከመስጠት ይልቅ በዚያን ሰዓት ጥቅል ጎመን ወይም ካሮት ማቅረቡ ይሻላል፤ ሁለቱም ቀላል ውርጭ ይችላሉ።

የነጭ ሽንኩርት ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ነጭ ሽንኩርት የገቢ ምንጭ ነው። ነጭ አበስብስ የሚባለው የአፈር ወለድ ሻጋታ ደግሞ የታወቀ ጠላቱ ነው። በሽታው ሲጀምር ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ይሆናል፤ ያየው ሰው ውኃ ወይም ማዳበሪያ ያነሰው ይመስለዋል። ነቅለው ሲያዩት ግን ሥሩ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር፣ በላዩም ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ፍሬ መሰል ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚህ ነጠብጣቦች ሽንኩርት ባይተከልም እንኳ አፈር ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። የሚዛመቱትም በተበከለ ዘር፣ በጫማና በመቆፈሪያ ላይ በተጣበቀ አፈር ነው።

እዚህ ላይ በጎ ፈቃድ በራሱ በቂ እንዳልሆነ በግልጽ ይታያል። ከአንድ ጓሮ የነጭ ሽንኩርት ዘር ወስዶ ለአሥር ቤት የሚያድል ቅን ሰው፣ ያ ጓሮ ታሞ ከነበረ፣ የሰጠው ስጦታ ለሃያ ዓመት የማይለቅ በሽታ ነው። መቆፈሪያውን ሳያጥብ ከግቢ ግቢ የሚዞር የዘመቻ ቡድንም እንዲሁ። ትክክለኛው ምክር አጭር ነው፤ ዘር ከታወቀና ከጸዳ ቦታ ይውሰዱ፤ የታመመውን ከነአፈሩ አንሥተው ከጓሮ ውጭ ያቃጥሉ፤ ብስባሽ ውስጥ አይጨምሩት፤ በዚያ መደብ ላይ ቀይም ነጭም ሽንኩርት አይመልሱ፤ መሣሪያና ጫማ ይጠቡ።

ሦስተኛው ፀረ ተባይ ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ማንኛውም ፀረ ተባይ እንዲመዘገብና ገላጭ ጽሑፍ እንዲኖረው ያዛል። መለያው በሌለበት ብልቃጥ ተቀድቶ የተሸጠ መድኃኒት ግን ለየትኛው ተባይ፣ በምን ያህል ውኃ፣ ከተረጨ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ አይናገርም። ማሳ ላይ የተረጨ ስንዴ ወር ቆይቶ ይታጨዳል፤ ጓሮ ላይ የተረጨ ጎመን ግን በማግስቱ ድስት ሊገባ ይችላል። ጎመን ላይ ለሚሰፍረው ክሽክሽ ብዙ ጊዜ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጦ የቅጠሉን ጀርባ መርጨት፣ ከመብላት በፊትም በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይበቃል። ይህን የሚነግር ሰው በሰፈር ካለ ያ ብልቃጥ አይገዛም።

ከደብረ ብርሃን እስከ አልዩ አምባ

ምክር ለምን የሰፈር መሆን እንዳለበት ለማየት ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አንኮበር መድረስ ይበቃል። የቀድሞዋ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የተቆረቆረችው የደጋው ሜዳ አልቆ ወደ ቆላው መውረድ በሚጀምርበት ገደል ጫፍ ላይ ነው። ከጎረቤላ ከተማ ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚወርድ እግረኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት ይሻገራል። ከላይ ገብስ፣ ጎመንና ድንች፤ ከታች ደግሞ ቲማቲምና ቃሪያ ያለ ውርጭ ሥጋት የሚያድጉበት አየር አለ። በአንድ ወረዳ ውስጥ ለላይኛው ቀበሌ የተጻፈ የተከላ ቀን ለታችኛው አይሠራም። ደብረ ብርሃን ላይ የተሰጠ ሥልጠና እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም።

ብስባሽም ሌላ ምሳሌ ነው። በመጽሐፍ በሁለትና በሦስት ወር ይበስላል የተባለው በደጋ ብርድ ረዘም ይልበታል። ያን የማያውቅ ሰው በሦስተኛው ወር ከፍቶ ጥሬ ሆኖ ሲያገኘው ተስፋ ይቆርጣል። የከብቱ ፋንድያ ኩበት ሆኖ ምድጃ በሚገባበት አገር ደግሞ «ፍግ ጨምሩ» ማለት ቀላል፣ መፈጸም ግን ከባድ ነው። የሰፈር መካሪ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ከማድ ቤት ተረፈ ምርት፣ ከዶሮ ኩስና ከጥቂት አመድ ይጀምራል፤ ጉድጓዱን ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ ሥር ያስቆፍራል።

የፖም ችግኝ ደግሞ ጎረቤትን ራሱን የምክሩ አካል ያደርገዋል። በአገራችን ደጋዎች ከሚታወቁት ዝርያዎች መካከል አና የሚባለው በሚገባ እንዲያፈራ እንደ ዶርሴት ጎልደን ያለ በአንድ ወቅት የሚያብብ ሌላ ዝርያ በአቅራቢያው ይፈልጋል፤ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ዱቄቱን ታደርሳለች። በአንድ ሰፈር ለሁሉም ቤት አና ብቻ ከታደለ ሁሉም ቤት ቅጠል ሊያይ ይችላል። ለአንዱ ግቢ አና፣ ለአጥሩ ማዶ ዶርሴት ጎልደን ከተሰጠ ግን ሁለቱም ይጠቀማሉ። ይህን ማቀድ የሚችለው የሰፈሩን ግቢዎች አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ነው።

ከሌሎች ልምድ ምን እንወስዳለን?

የከተማ ጓሮ ጥያቄ ከባለሙያ አቅም በላይ መሆኑ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትልና በታኮማ አካባቢ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር፣ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የከተማ ሰው ስለ ጓሮው በሚያነሣው ጥያቄ ተጥለቀለቁ። የወሰዱት መፍትሔ ፈቃደኛ ነዋሪዎችን በዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ማሠልጠንና፣ ሠልጣኙ የተማረበትን በነጻ የምክር አገልግሎት ሰዓታት እንዲመልስ ማድረግ ነበር። በጎ ፈቃደኞቹ ሕዝብ በሚበዛበት የገበያ ስፍራ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ሰዎች የታመመ ቅጠል ይዘው እየመጡ ይጠይቋቸው ጀመር። ሐሳቡ ከዚያ ወደ አገሪቱ ሌሎች ግዛቶች ተስፋፋ። የሚጠቅመን የእነርሱ ሀብት ሳይሆን ሁለት ደንባቸው ነው፤ በጎ ፈቃደኛው የሚመክረው በምርምር የተረጋገጠውን ነው፤ ከጀርባውም የሚጠይቀው ተቋም አለ።

ከአገራችንም ትምህርት አለ። በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ አዲስ አበባንና ባሕር ዳርን ጨምሮ በከተሞች የተካሄደው የከተማ ጓሮ ፕሮግራም በኤች አይ ቪ የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት በግቢያቸው አትክልት እንዲያለሙ ይሠራ ነበር። ፕሮግራሙ በጊዜው አበቃ፤ ድርጅቱ ራሱም በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ባሶና ወራና ወረዳም በጎሼ ባዶና በጉዶ በረት ቀበሌዎች አፍሪካ ራይዚንግ የተባለው የምርምር ፕሮጀክት ከአርሶ አደሮች ጋር ለዓመታት ሠርቷል። የፕሮጀክት ጠባዩ መምጣትና መሄድ ነው። ሲሄድ የሚቀረው ዕውቀቱን የያዘው ሰው ነው፤ ያ ሰው ለጎረቤቱ የሚያስተምርበት መንገድ ካልተበጀለት ደግሞ ዕውቀቱ ከአጥሩ አይወጣም።

መካሪው ማን ይሁን?

ለዚህ የሚሆን መዋቅር አዲስ መሥራት አያሻም። እድር፣ ሰንበቴ፣ የጽዋ ማኅበርና የቡና ጉርብትና በየሰፈሩ አሉ። እድር ድንኳንና ወንበሩን የሚጠብቅ ሰው እንደሚመርጥ ሁሉ፣ ጓሮዋ የተመሰገነላትን አንዲት እናት ወይም ጡረታ የወጡ አንድ የግብርና ባለሙያ ለጓሮ መካሪነት መምረጥ ይችላል። ጓሮ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ስለሆነ መካሪዎቹም ከእነርሱ ቢመረጡ ምክሩ ወደ ሥራው ይቀርባል። የክረምት ወጣቶችም ከዚህ አይወጡም፤ በእነዚህ መካሪዎች ሥር ሆነው ቢሠሩ የቆፈሩት መደብ ተረካቢ ያገኛል።

ከጀርባ የሚቆመው ባለሙያም ሩቅ አይደለም። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ከተማ ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት ክፍሎች አሉት። የዞኑና የከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም አሉ። የሚጎድለው በእነዚህ ተቋማትና በእድሩ መካሪ መካከል ያለው ድልድይ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከሰኔ በፊት ሌላው በመስከረም፣ የሚሰጥ አጭር ሥልጠና፤ መካሪው ሲቸግረው የሚደውልለት አንድ ባለሙያ፤ በገበያ ቀን የታመመ ቅጠል የሚታይበት አንድ ጠረጴዛ። ይህ ከፍተኛ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ተቃራኒው ሐሳብም መደመጥ አለበት። «ነጻ ሥራ የደመወዝተኛውን ግዴታ መሸፈኛ ይሆናል» የሚል ሥጋት አለ፤ ተገቢ ሥጋት ነው። የሰፈር መካሪ የባለሙያን ቦታ አይተካም፤ የባለሙያውን ቃል ወደ ግቢው ያደርሳል እንጂ። የመካሪው የስልክና የመጓጓዣ ወጪም ከኪሱ መውጣት የለበትም፤ ያለበለዚያ በሁለተኛው ዓመት ደክሞት ይተወዋል። መካሪ ዘርም መድኃኒትም እንዳይሸጥ ደንብ ያስፈልጋል፤ ሻጭ ሲመክር ምክሩ ወደ ዕቃው ያደላል። ከሁሉ በላይ ግን መካሪው «አላውቅም፤ ጠይቄ እመለሳለሁ» ማለትን መማር አለበት። በነጭ ሽንኩርት ላይ እንዳየነው በግምት የተሰጠ ምክር ሃያ ዓመት ሊያስከፍል ይችላል።

ጓሮ የሌለው ተከራይስ? የውኃ ክፍያ የከበደውስ? ለእነርሱ ምክር ብቻውን መልስ አይሆንም። የቤት ባለቤትና ተከራይ ስለ አንድ ጥግ መሬት መስማማት፣ የትምህርት ቤትና የቤተ እምነት ግቢዎች መከፈት ይኖርባቸዋል። የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባበት ወንዝ ቀድቶ ጥሬ የሚበላ አትክልት ማጠጣትም በርካሽ የተገኘ ውኃ ቢመስልም ለጤና አደገኛ ነው። ይህን ማስጠንቀቅ የመካሪው፣ ፍሳሹን መቆጣጠር ግን የመንግሥት ሥራ ነው።

እስከዚያው ድረስ ለመጪው የውርጭ ወቅት ማንም ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ስለሚፈስ፣ ድንችና ቲማቲም የመሳሰሉትን ከግቢው ዝቅተኛ ስፍራ ያርቁ፤ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር ይትከሉ። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ቀን ከሰዓት በፊት መደቡን ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት በእንጨት ላይ በተዘረጋ ማዳበሪያ ወይም ጨርቅ ቅጠሉን ሳይነካ ይሸፍኑ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ያንሡ። ውርጭ የመታውን ድንች በችኮላ አይንቀሉ፤ ከሥር ያለው ፍሬ ደህና ሊሆን ይችላል። ይህን ያደረገና የሠመረለት ሰው ለአጥሩ ማዶ ጎረቤቱ ይንገር፤ እድሩም ያን ሰው ስሙን ይመዝግበው።